ሁለተኛዋን ያዝልኝ

የካምቢዮ ዘይት ሲግል የራሱ ሽታ አለው። ከሞተር ዘይት ይወፍራል፣ የድኝ ጠረን አለው፣ ልብስ ላይ አንዴ ካረፈ በእንዶድም አይለቅም። ጌዴኦ ውስጥ፣ ቡሌ ባደግኩበት ቤት ይህ ሽታ ከቆጮው፣ ከባሕር ዛፉ ጢስና ከእርጥቡ ጋቢ ጋር ተደባልቆ ይኖር ነበር። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ በጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ ድንገት ከሸተተኝ እግሬ ይያዛል። ወዳጆቼ፣ ሌላው ሰው ልጅነቱን በአደይ ሽታ ያስታውስ ይሆናል፤ የእኔን የሚቀሰቅሰው ዘጠና ቁጥር ዘይት ነው።

እናቴ አስተማሪ ነበረች፤ ቡሌ ተመድባ እዚያው ቀረች። ታናሽ ወንድሟ፣ እኔ ጋሼ የምለው አጎቴ፣ እሷን ብሎ መጣና እሱም ቀረ። ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣና አንድ ላንድሮቨር ነው። መኪናዋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ ያስወገዳት ናት። አካሏ አልሙኒየም ስለሆነ ዝገት አይነካውም፤ ቀለሙ ግን ተልጦ ተልጦ አረንጓዴ ነበረች የሚለውን የምናምነው በጋሼ ቃል ብቻ ነበር። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ አምስት ቤት ነው ያለው፤ 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ ነፍስ ሳውቅማ ከነጭራሹ ቆሟል። ጋሼ ግን ዕድሜዋን ሲጠይቁት አይወድም ነበር። «ትሠራለች አትሠራም በሉኝ» ይል ነበር።

ዲላና ቡሌ ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም። ግን በዚያች አጭር መንገድ ሰው ከቆላ መሰል ሙቀት ተነሥቶ ውርጭ ላይ ይደርሳል። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ በሚወስደው ጎዳና ዳር ተቀምጣለች፤ ቡሌ ደግሞ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ደጋው ላይ ናት። ስንወጣ መጀመሪያ የሚቀበለን ቡናው ነው፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር፣ እንሰት በመሐሉ ገብቶበት። እየቆየ ቡናው ይሳሳል፤ እንሰቱ ግን አይለቅም፣ እንዲያውም ይወፍራል። ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ገብስ፣ ከዚያ ጉም። ዓይኔን ጨፍኜ የት እንደደረስን አውቅ ነበር፤ የቡናው እርጥብ አፈር ሽታ ሲቀርና ብርዱ በወለሉ ቀዳዳ ቁርጭምጭሚቴን ሲይዘኝ ግማሽ መንገድ አልፈናል ማለት ነው። ይህ ዛፍ፣ ቡናና እንሰት አብረው የሚኖሩበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ዜናውን ሰምቼ አለቀስኩ። እኔ የማውቀው በላንድሮቨር መስኮት ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ ፍጥነት።

ስለ ማርሽ ላጫውታችሁ፤ የነገሬ ሁሉ ሥር እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በመጡት ላንድሮቨሮች አራቱም ወደፊት ማርሾች ሲገቡ ጥርሱን ከጥርሱ የሚያስማማ መሣሪያ አላቸው። የእኛይቱ ከዚያ በፊት የተሠራች ስለነበረች ይህ ያላት ለሦስተኛና ለአራተኛ ብቻ ነው። ሁለተኛ ለማስገባት የሚያስማማው ሹፌሩ ራሱ ነው። ጋሼ ፍሪሲዮን ይረግጥና ወደ ዜሮ ያወጣል፤ ፍሪሲዮኑን ለቅቆ ለአፍታ ጋዝ ይሰጣል፤ ድምፁ ከፍ ሲል እንደገና ረግጦ ያስገባል። ቢፈጥን ይንቋረራል፣ ቢዘገይም ይንቋረራል። እሱ ሲያስገባ ግን ድምፅ የለም። «ሰዓት አለው» ይለኝ ነበር፣ «ሰዓቱን የምትነግርህ እሷ ናት፤ አፍህን ዘግተህ ስማት።» እኔ አንገቴን ወደ ወለሉ አዘንብዬ እሰማለሁ። ሌሎች ልጆች ፊደል ቆጥረው ሲጨርሱ ዳዊት ይደግማሉ፤ እኔ ከማንበቤ በፊት አንደኛ ሲጮህና ሁለተኛ ሲያጉረመርም ለይቼ አውቅ ነበር።

የገበያ ቀን መኪናዋ የሰው ጎርፍ ትጭናለች። ከቡሌ ወደ ዲላ ገብስ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ የቀርከሃ ቅርጫት፣ ዶሮ፣ በቃሬዛ የመጣ ሕመምተኛ። ከዲላ ወደ ቡሌ ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ ቡና። ሴቶቹ በጌዴኡፋ ይጫወታሉ፤ ጋሼ ከኋላው የሚወራውን ሰምቶ ጣልቃ ሲገባ ሳቁ መኪናዋን ይሞላታል። ሕመምተኛ ሲኖር ሳቅ የለም። ያን ጊዜ ጋሼ በየጉድጓዱ ፊት ይቆምና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ያወርዳቸዋል። ቁልቁለቱን ወርደን ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ከሰው ገንዘብ ሲቀበል አይቼው አላውቅም። ለቤንዚን የጎደለውን እናቴ ከደሞዟ ትሞላለች፤ ይህን ያወቅኩት አድጌ ነው።

ሁለተኛ ማርሽ መዝለል የጀመረችው በአንዱ የበልግ ወር፣ ደርግ ሊወድቅ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። እየወረድን ነበር። ጋሼ እግሩን ከጋዝ ላይ ሲያነሣና ሞተሩ መኪናዋን መያዝ ሲጀምር የማርሽ ዘንጉ «ቷ» ብሎ ወደ ዜሮ ተፈናጠረ። መኪናዋ ተለቀቀች። በሞተር የተያዘች መኪና በድንገት ስትለቀቅ ሆድ የሚያውቀው ባዶነት አለ፤ የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፣ የጎማው ድምፅ ይወጣል። ጋሼ ፍሬን ያዘ፤ ያ ጭነት ሁሉ ፍሬን ላይ ብቻ ወደቀ። የፍሬን ሸራ ሲቃጠል የሚመጣው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ረዳቱ ታኮውን ይዞ ከኋላ ዘለለ። ከኋላ አንዲት እናት የፈጣሪን ስም በጌዴኡፋ እየጠራች ትጮሃለች። ጋሼ ግን መሪውን ወደ ተራራው ወገን እየመለሰ፣ የጎማውን ጎን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር እያሻሸ፣ እኔን «አትንቀሳቀስ የኔ ጌታ» አለኝ፤ ድምፁ እራት ቀርቧል ከሚልበት ድምፁ አይለይም። ቆመች። ረዳቱ ታኮውን ከጎማው ሥር አስገባ። ጋሼ ወርዶ ሰዎቹን አንድ በአንድ አወረዳቸው፤ ያችን እናት እጇን ይዞ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ የማርሹን ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዘ ረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ለጥቂት ጊዜ የከመነዳሪ ቁራጭ አስሮ ሞከረው፤ ጎማው ይዘረጋና ዞሮ ዞሮ ማርሹ ይወጣል። ኃይል የሚሰጠውን ባለ ቀይ እጀታ ማርሽ አስገብቶ መውረድ ይቻላል፤ ግን ያኔ መኪናዋ በሰው እርምጃ ነው የምትሄደው፣ ቤንዚኑንም ትጠጣዋለች፣ ቤንዚን ደግሞ የሚገኘው በስንት ደጅ ጥናት ነው። በመጨረሻ መሐለኛው ወንበር ላይ አስቀመጠኝና እጄን አንሥቶ ዘንጉ ላይ አኖረው። «ሁለተኛዋን ያዝልኝ። ስትገፋህ ግፋት። ልቀቅ ስልህ ብቻ ልቀቅ።»

ቁልቁለት በመጣ ቁጥር «ያዛት!» ይላል፤ በሁለት እጄ እይዛታለሁ። ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፋለሁ። ካምቢዮው የሚያንቀጠቅጠው ሁሉ በዘንጉ በኩል መዳፌ ውስጥ ይገባል፤ ልትዘል ስትል ቀድማ የምትሰጠው ትንሽ መንቀጥቀጥ አለ፣ እሱን ተማርኩ። ጋሼ ጆሮውን፣ እኔ እጄን እያዋጣን እንወርድ ነበር። ሰዎቹ የእኔን ሥራ ያውቁታል። ዲላ ስንደርስ አሮጊቶቹ መዳፌን ገልብጠው ያዩና እፍ ይሉበታል፤ አንዳንዷ የተጠበሰ ገብስ ትጨምርበታለች። በዚያ ዘመን እንደ እኔ የተከበረ ልጅ ቡሌ ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ግንቦት 1983 ሲመጣ መኪናዋ ለጥቂት ጊዜ ከመንገድ ጠፋች። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጥተዋል፤ ወታደሩ በሞያሌ ጎዳና ወደ ኬንያ ይጎርፋል። መኪና ያለው ሁሉ ሰጋ። ጋሼ ላንድሮቨሯን ወደ እንሰቱ ውስጥ አስገባት፣ በደረቅ ኮባ ሸፈናት፣ የዲስትሪቢውተሯን ሮተር ነቅሎ ለእናቴ ሰጣት፤ እናቴ የበርበሬው ዕቃ ውስጥ ቀበረችው። ማታ ማታ በባትሪ እየሄደ ያያታል። እኔ የማስታውሰው መንግሥት መለወጡን ሳይሆን ትምህርት ቤት ስሄድ መዳፌ ሥራ ፈትቶ መዋሉን ነው። ልጅ እንዲህ ነው።

ነገሩ ሲረጋጋና መኪናዋ ስትወጣ ማርሹ ብሶበት ነበር። ጋሼ ዲላ የሚያውቃቸውን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዞ ወደ ቡሌ መጣ። እሱ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔ አባባ። አባባ ከመኪናዋ ሥር ተኝተው የካምቢዮውን ታፖ ፈቱና ዘይቱን በሳፋ ተቀበሉ። ከዚያ ጣታቸውን ነክረው ወደ ፀሐይ አወጡት። ጥቁሩ ዘይት ውስጥ ቢጫ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። እኔ ከአዶላ እንደሚመጣው ወርቅ መሰለኝና ልቤ ደነገጠ፤ ሀብታም የሆንን መስሎኛል። አባባ ግን ፊታቸው ጨለመ። «ነሐስ ነው» አሉ። «ጥርስ ቢሆን ግራጫ ይሆን ነበር፣ ብረት። ይሄ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ የሚዞሩባት ቡሽ ናት፤ ተበልታለች። እሷ ስትበላ ማርሹ በዘንጉ ላይ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ጋዝ ሲነሣለት ራሱን ገፍቶ ይወጣል። ማርሹን ከቦታው የምትይዘው ብይና ሞላዋም ደክመዋል።» ጋሼ «አርጅታለች ማለት ነው?» ሲላቸው ተቆጡ። «ያረጀችው አንዲት ቡሽ ናት! ሰው ጥርሱን ስለታመመ አፈር ይልበስ ይባላል?»

ይህችን ንግግር ዕድሜ ልኬን ይዣታለሁ። ዛሬ ሰው መኪናውን ትንሽ ሲያመው «አልቃለች፣ ሽጣት» ሲል ስሰማ ይከፋኛል። ብዙ የሄደች መኪና ሁሉ ነገሯ በአንድ ቀን አያልቅም። የሚያልቀው አንድ ነገር ነው፤ ያንን አንድ ነገር ለማግኘት ጊዜ የሚሰጥ ሰው ግን ማግኘት ይቸግራል።

የቡሽዋ ነገር ቀላል አልሆነም። መስከረም 1985 ዓ.ም. ብር ከዶላር ጋር የነበረው ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር ዘለለ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው እጥፍ ድርብ ሆነ። ሙሉ ካምቢዮ መግዛት የማይታሰብ ነበር። ጋሼ ገንዘብ እስኪያጠራቅም እኔ ዘንጉን መያዜን ቀጠልኩ፤ እጄም አድጓል፣ አንድ እጅ ይበቃኝ ጀመር። በመጨረሻ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን አዲስ አበባ ይዞኝ ሄደ፤ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። የፈረሱ መኪኖች አጥንት በየደጃፉ ተከምሯል፤ መሬቱ በዘይት ጠቁሯል፣ ያ የማውቀው ሽታ ከመንደሩ ሁሉ ይወጣል። ጋሼ የተበላችውን ቡሽ ከመሐረቡ ፈትቶ ለአንድ ባለ ሱቅ ሰጠው። ሰውዬው ጣቱን ከቷት አንዴ አዞራትና ምንም ሳይጠይቅ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሲወጣ ልኳን ይዞ ወጣ። ጋሼ ያንን ሰው ሲመርቀው ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ወደ ዲላ በሚመለሰው አውቶቡስ ቡሽዋን፣ ሮንዴላውን፣ ሞላውንና ብዩን በሹራቤ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ሻሸመኔ ምሳ ሲበላም ከጭኔ አላወረድኩትም፤ አዋሳ ሐይቁ ሲታይም ዓይኔ እሱ ላይ ነበር።

ላንድሮቨር ካምቢዮዋ ሲወጣ ወለሏና የወንበሩ ሣጥን መፈታት አለበት። የእኔ መሐለኛ ወንበር ተነሥታ ግቢ ውስጥ ስትቀመጥ ሆዴ ባባ። ከባሕር ዛፍ ግንድ ሦስት እግር ሠርተው ካምቢዮውን በሰንሰለት አንጠልጥለው አወጡት። አባባ የእንሰት ቅጠል አስቆረጡና ሣሩ ላይ አነጠፉት፤ እየፈቱ በናፍጣ ያጠቡትን እያንዳንዱን ማርሽ በወጣበት ተራ ቅጠሉ ላይ ይደረድራሉ። «ሲመለስ ከመጨረሻው ነው የሚጀመረው» አሉኝ፤ «ስለዚህ ቅጠሉን ማንም አያንቀሳቅስ፤ ዶሮ አባርር።» ዶሮ ሳባርር ዋልኩ። እናቴ ቡና አፈላች። ጎረቤቶቻችን መጥተው ዙሪያውን ቆመው ያያሉ፤ ዓመታት የተሳፈሩበትን ነገር ሆድ ዕቃ ማየት ለእነሱም ብርቅ ነው። ሲመሽ ፋኖስ መጣ። አባባ አዲሷን ቡሽ አስገብተው ሁለተኛ ማርሽን በላይዋ ሲያዞሯት ምንም አልተንቀዋለለችም። ለጋሼ ሰጡት፤ ጋሼ አዞራትና ለእኔ ሰጠኝ።

በማግሥቱ ወደ ዲላ ወረድን። ቁልቁለቱ ሲጀምር እጄን ዘንጉ ላይ አደረግኩ። ጸጥ ብላለች፤ ያ መንቀጥቀጥ የለም፣ ግፊያውም የለም። ጋሼ እግሩን ከጋዙ ላይ አነሣ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ መኪናዋን ያዘ፣ አልለቀቀም። ከኋላ ያሉት ሴቶች እልል አሉ። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ፤ እጄን ላነሣ ስል ጋሼ መንገዱን እያየ «ያዛት» አለኝ። እንደማያስፈልግ እሱም እኔም እናውቃለን። እስከ ዲላ ያዝኳት። ከዚያ በኋላም አድጌ ወደ ኮሌጅ እስክሄድ ድረስ ቁልቁለት ላይ «ያዛት» ማለቱን አልተወም።

ላንድሮቨሯን ያሸነፋት ካምቢዮ አይደለም። በ1986 ክረምት ብራዚል ላይ ውርጭ ቡናውን ሲመታ የቡና ዋጋ በዓለም ተሰቀለ፤ ወደ ጌዴኦም ገንዘብ ገባ፤ አይሱዙዎች መጡ። ቀስ በቀስ ተሳፋሪው ወደ አዲሶቹ ሄደ። ጋሼ ላንድሮቨሯን ለአንድ የገብስ ነጋዴ ሸጣት፤ ሲሸጣት ለሰውዬው የካምቢዮውን ዘይት መቼ መቀየር እንዳለበት ግማሽ ቀን ነገረው።

እኔ አሁን አዲስ አበባ የምነዳው አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ የተሠራው እኔ ዘንግ ከመያዜ በፊት ነው። ባለፈው ከካምቢዮው በኩል የሚያፏጭ ድምፅ መጣ። ጋራዥ ብወስዳት «ካምቢዮዋ አልቋል፣ ሙሉውን ቀይር» አሉኝ። ለጋሼ ደወልኩ። ሰባውን አልፏል፤ ቡሌ ነው ያለው፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን እንዳለ ነው።

«ስልኩን ወደ ካምቢዮው አስጠጋልኝ» አለኝ። ሞተሩን አስነሥቼ ስልኩን ከማርሹ ሥር አስቀመጥኩት።

«ዜሮ ላይ ናት? እሺ። አሁን ፍሪሲዮን ርገጥ... ጠፋ። ልቀቅ... መጣ። ድገመው።» ደገምኩት። «በቃ፣ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ናት። ስትረግጥ ቢሆን የሚጮኸው የፍሪሲዮን ኩሽኔታ እልህ ነበር። ሙሉ ካምቢዮ ማን አለህ? ዘይቱን አውርደህ በፀሐይ እየውና ደውልልኝ።»

ቅዳሜ ዘይቱን አወረድነው። ጣቴን ነክሬ ወደ ብርሃን አወጣሁትና ደወልኩለት።

«ግራጫ ዱቄት ነው ጋሼ፤ ትንሽ ነው። ወርቅ የለበትም።»

«እሰይ! እንግዲያው ማርሹን የሚያስማሙት የነሐስ ቀለበቶች ደህና ናቸው። ኩሽኔታዋን ቀይርና ለዳራሮ በዓል ልጆቹን ይዘህ ና። ስትመለስ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ውረድ፤ ትልቁን ልጅ መሐል አስቀምጠው።»

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና መሐል ወንበር የላትም እኮ።»

«እንግዲያው ከጎንህ ይቀመጥና እጁን ያኑርባት» አለ።